የክብር ሽኝት ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ጀናዛ ሲያልፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጋላ መሃል ቃሬዛው በትከሻ ላይ ሆኖ ይመጣል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ያስቀምጣል። ባጃጁ ዳር ይይዛል። ሟቹን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ሮጦ ትከሻውን ያስገባል፤ ጥቂት እርምጃ ተሸክሞ ለሌላው ይለቃል።

የክብር ሽኝት ይሄው ነገር ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ሲደረግ ነው። በአሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ የተለመደ ሲሆን፣ በዚያው አገር ስሙ «ኦነር ዎክ» ይባላል። የአካል ክፍሉን የሚለግስ ሰው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲወሰድ፣ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ጽዳቷ፣ ጥበቃው ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይቆማሉ። ቤተሰቡ ከአልጋው ጎን ይሄዳል። ማንም አይናገርም።

አንድ ከባድ ልዩነት ግን አለ። የሚሸኘው ሰው ገላ ገና ይሞቃል። ብዙውን ጊዜ አንጎሉ ላይመለስ ሥራ አቁሟል፤ በሕክምናም በሕግም ሞቷል። መተንፈሻ ማሽኑ ኦክስጅን ስለሚሰጠው ግን ልቡ ይመታል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። እናት እጁን ይዛ «ሞቷል» ሲሏት እንዴት ትመን? ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ እጁን መልቀቅ አለባት። ሽኝቱ የተፈለገው ለዚያች ቅጽበት ነው።

አጎቴ ያረፈ ቀን (ሆስፒታሉ ስሙ ይቅር) ጫማውንና ሸሚዙን በጥቁር ፌስታል ሰጡን። ግድግዳ ተደግፈን ቆመን ሳለ ጥበቃው መጥቶ «ኮሪደር አትዝጉ» አለን። አልፈርድበትም፤ ሥራው ነው። ስለ ሽኝቱ ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ግን ያ ፌስታል ነው። በሽኝቱ ኮሪደሩን የሚዘጉት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ አስተባባሪ ይፈልጋል። ቤተሰቡ ልገሳውን ከተስማማ በኋላ «ሽኝት ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ በፊት ከተጠየቀ ማባበያ ይሆናል። አንፈልግም ካሉም በቃ። ቀዶ ጥገናው ሰዓት ስላለው ሠራተኛው የሚጠራው ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሊፍቱ ቀድሞ ይያዛል፤ ማሽኑን የሚከታተል ባለሙያ አብሮ ይሄዳል። ያለ ፈቃድ ፎቶ የለም። ውስጥ ከገቡም በኋላ፣ ምላጭ ከመነሳቱ በፊት፣ ብዙ ቦታ ለአፍታ ዝም ይባላል። ቤተሰቡ የጻፈው ካለ ይነበባል።

ሽኝቱ እንዳለ ተገልብጦ የድሬዳዋው ድል ጮራ ወይም የሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይግባ ማለት ይከብዳል። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚሠራው በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ነው። ወንድም ለእህቱ ሰጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሞተ ሰው የሚወሰደው የዓይን ብሌን ነው፤ የዓይን ባንክ ከተቋቋመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ይሄኛው መተንፈሻ ማሽን አይፈልግም። ልብ ካቆመ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ይወሰዳል፤ የሟቹም ፊት አይበላሽም። ቃል የገባ ሰው ለቤተሰቡ ካልነገረ ግን ማን ይደውላል? ሰዓቱ በለቅሶው መሃል ያልፋል።

ለእኛ የሚስማማው ቦታ ስለዚህ ኮሪደሩ ሳይሆን ቀብሩ ይመስለኛል። አፎቻውም (የሐረርና የድሬዳዋ መረዳጃ ማኅበር) እድሩም ሰው መሰብሰብ ያውቁበታል። ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «የዓይን ብሌኑን ለግሷል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሌላ ወሬ አይኖራቸውም። አንዱ ካርታውን እንደያዘ «እና የት ነው የሚመዘገቡት?» ማለቱ አይቀርም።