ሐላል የሚለው ማኅተም ምን ማለት ነው?

ሐላል፣ ማለትም በእስልምና የተፈቀደ፣ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሥጋ ብቻ ነው። ኧረ ሰፊ ነው! አንድ ማስቲካ ከረሜላ አንሱና ጀርባውን አንብቡት፤ «ጄላቲን» ይላል፤ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማርጊያ ነው። ከምን እንስሳ? ዝም። ከአሳማ ከሆነ ሐራም (የተከለከለ) ነው፤ ከከብት ቢሆንም አስተራረዱ ይጠየቃል፤ ለዚህ ነው ሰርተፊኬት ሰጪው ፋብሪካ ድረስ ሄዶ ጥሬ ዕቃውን፣ ማሽኑን፣ መጋዘኑን ሳይቀር የሚያየው።

ነጋዴውን ግራ የሚያጋባው ግን ሌላ ነው። ዓለም ሁሉ የሚቀበለው አንድ ማኅተም የለም። የማሌዥያ መንግሥት የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት የሆነው ጃኪም እውቅና የሰጣቸው የውጭ ተቋማት ዝርዝር አለው፤ እዚያ ውስጥ የሌለ ተቋም የሰጠው ወረቀት ማሌዥያ ውስጥ ብዙም አይጠቅምም። ኢንዶኔዥያም እ.ኤ.አ. በ2014 የራሷን የሐላል ሕግ አውጥታለች። ስለዚህ ሰርተፊኬት ለማውጣት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ገዢያችሁ ያለበት አገር የማንን ወረቀት እንደሚቀበል ጠይቁ።