የፋይበር ጀልባ ሲበሳ፦ ጣና ዳር የምንሰማቸው የተሳሳቱ ምክሮች እና እውነታው

ታኅሣሥ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እየሄድን ነበር። ጀልባው ላይ ሰባት ሰው አለ። ሁለቱ ነጠላ የለበሱ እናቶች ናቸው፤ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ስለት ይዘዋል። ክብራን ገብርኤል ሲቃረብ አንዷ እናት እግራቸው መርጠቡን ነገሩን። የወለሉን ጣውላ ስናነሣ ውሃው ከሥር እንደ ምንጭ ይፈልቃል። አፉ በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዳን ወደ ከተማው ተመለስን። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጀልባውን ስንገለብጠው ነገሩ ታየ። የቀድሞ ባለቤቱ ከሆዱ ሥር የጥልቀት መለኪያ አስገጥሞ ነበር። መሣሪያውን ሲያስወጣ ቀዳዳው ቀረ። አንድ ጋራዥ ደግሞ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ መለሰለት። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይልም። ስቱኮው ግን እንደ ቡሽ ወልቆ ሄዷል።

ዙሪያችንን የከበበው ሰው ሁሉ ምክር ነበረው። ምክሩ ከደግ ልብ ነው። አብዛኛው ግን ስሕተት ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሰው ነፍስ የሚጫን ጀልባ ስለሆነ አንድ በአንድ ላንሣው።

«ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ምን ታመጣለች?»

ሒሳቡን እንሥራው። ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውሃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ካለ፣ በደቂቃ 27 ሊትር ገደማ ያስገባል። ቤታችን ያለው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ነው። በየደቂቃው አንድ ጀሪካን ከነትርፉ ማለት ነው። የቀዳዳው ስፋት እጥፍ ከሆነ ደግሞ የሚገባው ውሃ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሐይቅ ላይ እያላችሁ ከደረሰባችሁ፣ ከውስጥ በኩል ጨርቅ የተጠቀለለበት እንጨት አጥብቃችሁ ወትፉበት። ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ከሆነ ሰዎቹን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላው ጎን አስጠጉ። ይህ ዳር ለመድረስ ነው። ሌላ ሰው ለመጫን አይደለም።

«ስቱኮ ይበቃዋል»

ስቱኮ ለመኪና ላሜራ የተሠራ ነገር ነው። ፖሊስተር ሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠጥር ፈሳሽ ሙጫ፣ እና እንደ ዱቄት የደቀቀ ታልክ ነው፤ የመስታወት ክር የለበትም። ውሃ ውስጥ ሲከርም ቀስ በቀስ እርጥበት ይስባል። የሚይዘውም የቀዳዳውን ጠርዝ ብቻ ነው። የጀልባ ገላ ደግሞ ማዕበል ሲመታው ይተጣጠፋል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ሲነሣ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ያ መተጣጠፍ ጠርዙን ይፈለቅቀዋል። ስቱኮ ከውሃ በላይ ያለውን ለማለስለስ ጥሩ ነው። ከውሃ በታች ግን ቦታው አይደለም።

ሲሊኮን የባሰ ነው። ለጊዜው ውሃውን ያቆመዋል፤ ስለዚህ ሰው ይወደዋል። ነገር ግን ዓይን የማያየው ቅባት ትቶ ይሄዳል። በኋላ በትክክል እንጠግን ስንል ሬዚኑ አይይዝም። ሬንጅም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ አንዱ የተቀባበት ጀልባ ከገጠማችሁ፣ ከመሞረድ በፊት በስለት ፍቃችሁ አውጡትና በንጹሕ ጨርቅ በአሴቶን ደጋግማችሁ ጥረጉት። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። ሳይጠረግ ከተሞረደ ቅባቱ ወደ ጭረቱ ይገባል።

«ቀዳዳውን ማስፋት ማበላሸት ነው»

የሁሉም ስሕተት እናት ይህች ናት። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የፋይበር ጀልባ ጥንካሬው ከመስታወቱ ክር ነው። ሬዚኑ ክሮቹን አንድ ላይ የሚያያይዝ ነገር ነው። ቀዳዳ ሲበሳ የተቆረጡት ክሮቹ ናቸው። ቀዳዳውን በሆነ ነገር መሙላት ክሩን አይመልሰውም። አዲስ ክር ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተደራርቦ መጣበቅ አለበት። ለዚያ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል።

ቦታው የሚገኘው ዙሪያውን በማሳሳት ነው። ገላው ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ስስ ሆኖ ይጀምርና ወደ ውጭ ቀስ እያለ ወደ ሙሉ ውፍረቱ ይመለሳል፤ ልክ እንደ ዝርግ ሳህን። የተለመደው መጠን የውፍረቱ 12 እጥፍ ነው። ገላው 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየአቅጣጫው 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሳሳል። እንግዲህ የ2 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ጥገናው 16 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባለጀልባው ይህን ሲያይ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ግራይንደር ይዞ ደህናውን ገላ የሚሞርድ ሰው አጥፊ ይመስላል። ጀልባውን የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ከዚያ የመስታወት ጨርቁ በክብ በክብ ይቆረጣል፤ አንዱ ከሌላው እያነሰ። ብዙ የጥገና መመሪያዎች ትልቁ መጀመሪያ እንዲገባ ይመክራሉ። ምክንያቱም ትልቁ ጨርቅ የተሳሳውን ገጽ በሙሉ ይነካል። ትንሾቹ በላዩ ይደረባሉ። እያንዳንዱ ሬዚን ጠጥቶ ጥርት እስኪል፣ አየሩም እስኪወጣ በሮለር ይዳመጣል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ሬዚን አልደረሰውም።

ጨርቁ ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከኋላ ደገፍ ያስፈልገዋል። ፌስታል የተጠቀለለበት ካርቶን ወይም ስስ ኮምፖርሳቶ ይበቃል። ሬዚን ፌስታል ላይ ስለማይጣበቅ በኋላ ይላቀቃል።

ከውሃ በላይ ያለች የብሎን ቀዳዳ ይህን ሁሉ አትጠይቅም። አፏን ከሁለቱም በኩል ትንሽ ሰፋ አድርጎ በወፈረ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠጥር ሌላ ዓይነት ሬዚን) መሙላት በቂ ነው።

«ጀልባው ደርቋል፤ እየው፣ ገጹ እኮ ፀሐይ መትቶታል»

የገጹ መድረቅ የውስጡን አይነግረንም። ብዙ ሰው ፋይበር አይበሰብስም ይላል። እውነት ነው፣ ፋይበሩ አይበሰብስም። ግን ብዙ ጀልባዎች በውስጣቸው እንጨት አላቸው፤ በተለይ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ። አሮጌ የብሎን ቀዳዳ ሳይደፈን ከከረመ ውሃው በዚያ ይገባል። እንጨቱም በዝምታ ይበሰብሳል።

በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ወይም የተላቀቀው ድምፁ ይታፈናል። እንጨቱ ከበሰበሰ ቀዳዳ መድፈን ዋጋ የለውም፤ የተበላሸው ክፍል ወጥቶ በደረቅ እንጨት መተካት አለበት።

የደንገል ታንኳ ያላቸው ሰዎች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ታንኳቸው ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ሥራ ሲያበቁ ጎትተው አውጥተው ያደርቁታል። ሳይደርቅ ወደ ውሃ የሚመልሰው የለም። የሞተር ጀልባ ያለን ሰዎች ግን ዛሬ አውጥተን ነገ እንመልሰው እንላለን። እርጥብ ገላ ላይ ሬዚን አይይዝም። የተነከረ ጀልባ ለመድረቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ መጠለያ ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

«ጣና ጨው የለውም፤ ውሃው ፋይበር አይጎዳም»

ይህ እኔንም ለረጅም ጊዜ ያሳመነኝ ነው። ብረት ላይ ጨው ስለሚብስ ፋይበርም እንደዚያው ይመስለናል። ፋይበር ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ውሃ በጄልኮቱ፣ ማለትም በጀልባው የላይኛ ለስላሳ ሽፋን፣ በኩል ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ውስጥ ከሬዚኑ የቀሩ ቅመሞችን ያሟሟል፤ የተሟሟው ፈሳሽም ተጨማሪ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። በመጨረሻ ገጹ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። ውጭ ያለው ውሃ ጨው ባነሰው ቁጥር ስበቱ ይበረታል። ስለዚህ እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውሃ እብጠቱ ከባሕር ይልቅ በቀላሉ ይመጣል። ለብ ያለ ውሃ ደግሞ ያፋጥነዋል። ጀልባችሁን ስታወጡ ሆዱን በእጃችሁ ዳብሱት። ሽፍታ የመሰለ ነገር ካለ አትለፉት።

«ሃርድነር ጨመር አድርግበት፤ ቶሎ ይደርቃል»

ሃርድነር ሬዚኑን የሚያጠጥረው ቅመም ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሬዚን መለየት አለብን። ፖሊስተር ሃርድነር የሚፈልገው ጥቂት ነው። ለአንድ ኪሎ ሬዚን በተለምዶ ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። በዚህ ክልል ውስጥ እንደ አየሩ ማነስና መብዛት ይችላል። ኢፖክሲ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች አምራቹ በጻፈው ልክ መገናኘት አለባቸው። ሃርድነር ቢበዛ አይፈጥንም፤ የተረፈው ሳይዋሃድ ይቀርና ጥገናው ልል ይሆናል። በዓይን ግምት አትለኩ። የሕክምና ሲሪንጅ ወይም ትንሽ ሚዛን ያዙ።

ባሕር ዳር በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አብዛኞቹ ሬዚኖች ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች ይዘገያሉ። መፍትሔው ሃርድነር ማብዛት ሳይሆን ጊዜ መምረጥ ነው። ገላው ሞቅ ሲል ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሥሩ፤ ማታ እንዳይበርደው ሸፍኑት። ብዙ ሬዚንም በአንድ ጣሳ አትበጥብጡ። ሙቀቱ ተጠራቅሞ ይጨሳል።

ሌላም አለ። ፖሊስተር ከደረቀ በኋላ ገጹ ቢያጣብቅ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። አየር የነካው ፊት እንደዚያ ይሆናል። ሰም ያለበት የመጨረሻ ድርብ ያደርቀዋል።

«ሬዚን ሬዚን ነው»

አይደለም። አሮጌ የደረቀ ገላ ላይ ኢፖክሲ ከፖሊስተር ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እኔ ከውሃ በታች ለሆነ ጥገና ኢፖክሲን እመርጣለሁ። አንድ ጊዜ ኢፖክሲ ከገባ በላዩ ፖሊስተር አትደርቡ፤ በደንብ አይይዝም። ቁርጥራጭ ክር የተነጠፈበት ምንጣፍ መሳይ ጨርቅም ለፖሊስተር እንጂ ለኢፖክሲ አይሆንም። ቁርጥራጮቹን የያዘው ማያያዣ የሚሟሟው በፖሊስተር ውስጥ ባለው ቅመም ነው። ለኢፖክሲ የተሸመነውን ግዙ።

«አቧራው ቢያሳክክ ነው እንጂ ምን ያደርጋል?»

ወጣቶቹ ያለ ማስክ ሲሞርዱ ሳይ ልቤ ይደማል። የመስታወት ብናኝ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ነጠላ ወይም ሻሽ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም። ደህና ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ። የፖሊስተር ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ አጠገባችሁ ይሁን፤ ከገባ ወዲያው ለረጅም ጊዜ አጥባችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሬዚኑ ማፋጠኛ ኮባልት ለብቻው ካለው፣ እሱንና ሃርድነሩን በቀጥታ ፈጽሞ አታገናኙ፤ ይፈነዳል። የከሰል ምድጃና ሲጋራም ይራቁ።

«ቀለም ለመልክ ነው»

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ኢፖክሲ ደግሞ ፀሐይ አይችልም፤ ሳይቀባ ከቆየ ይጎዳል። ኢፖክሲው ሲደርቅ ገጹ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ሊያወጣ ስለሚችል መጀመሪያ በውሃ እጠቡት። በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጋችሁ በኋላ ቅቡት።

ከዚያ በኋላ ወዲያው ሰው አትጫኑ። ጀልባውን ጥልቀት በሌለው ቦታ አስራችሁ፣ ከውስጥ ጥገናው ላይ ደረቅ ሶፍት ዘርግታችሁ አሳድሩት። የእኛው ጀልባ ተሞርዶ ሦስት ሳምንት ደረቀ። ጨርቅ ከገባበት በኋላ አንድ ሳምንት አረፈ። ሶፍቱ ጠዋት ላይ ደረቅ ነበር። ለሁለቱ እናቶች ደወልንላቸው። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ስለታቸውን ዘጌ አደረሱ።