በዌብ የሚሠራ የቤተ መጻሕፍት አስተዳደር ሲስተም፦ ለተማሪዎችና ለሠራተኞች እንዴት ይነደፋል?

የቤተ መጻሕፍት አስተዳደር ሲስተም መጻሕፍት ሲገቡ የሚመዘግብ፣ ሲፈለጉ ያሉበትን የሚጠቁም፣ በማን እጅ እንዳሉና መቼ እንደሚመለሱ የሚከታተል ሶፍትዌር ነው። በዌብ የሚሠራው ዓይነት አንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው በብራውዘር ይገባበታል። ተማሪው በስልኩ መጽሐፍ ይፈልጋል። መምህሩ ቢሮው ሆኖ ወረፋ ይይዛል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውም ማዋሻው ጋ ቁጭ ብሎ እዚያው ሲስተም ላይ ይሠራል። በየኮምፒውተሩ እየዞሩ መጫን የለም። ማሻሻያ ሲመጣም የሚነካው ሰርቨሩ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሲስተም የሚነድፍ ሰው ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ይጀምራል። መግቢያ ገጹ ምን ይምሰል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ምን ይታይ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ተነሥቶ፣ ሰው እጅ ገብቶ፣ ተመልሶ ቦታው እስኪቀመጥ ያለውን መንገድ ሲስተሙ በትክክል መያዝ አለበት። ያ ከተስተካከለ ስክሪኑን ቀስ ብሎ ማሳመር ይቻላል። ያ ከተበላሸ ግን ምንም ዓይነት ውብ ገጽ አያድነውም።

አመጣጡ

ቤተ መጻሕፍትን ወደ ኮምፒውተር የማምጣቱ ሥራ ከዌብ በፊት የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ካርዶቹን ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ ለማስቀመጥ ተነሣ። ሥራውን የመሩት ሄንሪየት አቭራም ነበሩ። ፕሮግራመር እንጂ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አልነበሩም። ስለዚህ ካርድ ላይ የሚሰፍረውን መረጃ ከባለሙያዎቹ ጋር እየተነተኑ ሙያውን ተማሩት። ከዚያ ማርክ የሚባለው የመዝገብ ቅርጽ ተወለደ። በማርክ 245 ቁጥር የርዕስ ቦታ ነው፤ 100 የዋናው ደራሲ፤ 020 ደግሞ የአይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር። ዛሬም ትላልቅ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚለዋወጡት በዚሁ ነው።

በ1971 የኦሃዮ ኮሌጆች አንዱ ያዘጋጀውን የካታሎግ መዝገብ ሌላው በኮምፒውተር መስመር እንዲጠቀምበት ማድረግ ጀመሩ። አንድን መጽሐፍ ሁሉም ከዜሮ ተነሥቶ የሚመዘግብበት ጊዜ በዚህ ማብቃት ያዘ። ዌቡ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ለውጥ ተከተለ። በ1999 በኒውዚላንድ የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ነባሩ ሲስተም የ2000ን ዓመት እንደማይሻገር ተረዱ። ካቲፖ የተባለ ድርጅት በዌብ የሚሠራ አዲስ ሲስተም ሠራላቸው። ኮሃ ይባላል። በጃንዋሪ 2000 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ተደረገ። በ2006 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኤቨርግሪን የተባለውን ክፍት ሲስተም አስጀመሩ። አዲስ ነገር ለመሥራት የሚያስብ ሰው ቢያንስ ኮሃን ጭኖ ውስጡን ቢያይ ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ርዕስ ሌላ፣ ቅጂ ሌላ

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ የካልኩለስ መማሪያ በ12 ቅጂ ተገዛ እንበል። ብዙ ሰው "መጽሐፍ" የሚል አንድ ሰንጠረዥ ይሠራና "ብዛት" በሚለው ዓምድ 12 ብሎ ይጽፋል። ሰው ሲወስድ 1 ይቀንሳል፤ ሲመልስ 1 ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል።

ችግሩ ቆይቶ ይመጣል። ሲስተሙ 9 አሉ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ 8 ናቸው። የጠፋው የትኛው ነው? መጨረሻ የወሰደው ማን ነበር? አንዱ ቅጂ 30 ገጽ ተቀዶ ተመልሷል፤ ማን እጅ ላይ ተቀደደ? ቁጥሩ ለዚህ መልስ የለውም። ወስዶ በጊዜው የመለሰ ተማሪ ሳይመልስ እንደቀረ ይቆጠርበታል፤ ማስረጃ የሚያቀርብበት መንገድም የለውም። ይህ ጉዳይ ትንሽ መስሎ የሚታየው ያልደረሰበት ሰው ብቻ ነው።

መፍትሔው ሁለት ሰንጠረዥ ማድረግ ነው። አንዱ የርዕስ ነው፦ ደራሲው፣ አሳታሚው፣ እትሙ፣ የታተመበት ዓመት እዚያ አንዴ ይጻፋል። ሌላው የቅጂ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ባርኮድ፣ የመደርደሪያው ቦታ፣ የተገዛበት ቀንና ይዞታው ይያዛል። ስንት ቅጂ እንዳለ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሲስተሙ ራሱ ይቆጥራል። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1998 ያወጣው ሞዴል ከዚህም ርቆ በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፦ ድርሰቱ፣ ድርሰቱ የተገለጸበት መልክ ለምሳሌ ትርጉሙ፣ እትሙ፣ ከዚያም እጅ ላይ ያለው ቅጂ። ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ ግን ሁለቱ ደረጃ ይበቃል ባይ ነኝ።

አይኤስቢኤን የርዕስ መለያ ሆኖ ቢያገለግልም ዋና ቁልፍ፣ ማለትም ሰንጠረዡ እያንዳንዱን መስመር የሚለይበት ዓምድ፣ ሊሆን አይገባም። የቆዩ መጻሕፍት የላቸውም። የመመረቂያ ጽሑፎችም በአብዛኛው የላቸውም። ካለ ግን ጥሩ ነገር አለው። ከ2007 ጀምሮ 13 አኃዝ የሆነው ይህ ቁጥር መጨረሻው ላይ ማረጋገጫ አኃዝ ይዟል። የመጀመሪያዎቹ 12 አኃዞች በየተራ በ1 እና በ3 ይባዛሉ፤ ድምሩ ላይ መጨረሻው ሲደመር ለ10 መካፈል አለበት። መዝጋቢው አንዲት አኃዝ ቢሳሳት ሲስተሙ ወዲያው ያውቃል። ይህን ለማስገባት ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል፤ ሆኖም በብዙ የተማሪ ፕሮጀክቶች ውስጥ አይገኝም።

ውሰት

ሦስተኛው ዋና ሰንጠረዥ የውሰት ነው። እያንዳንዱ ውሰት አንድ መስመር ነው፦ የትኛው ቅጂ፣ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ እስከ መቼ፣ መቼ ተመለሰ። መጽሐፉ ሲመለስ መስመሩ አይሰረዝም፤ የመመለሻው ቀን ይሞላል። ቀኑ ባዶ ከሆነ መጽሐፉ ውጭ ነው ማለት ነው።

የመመለሻ ገደቡ በሚዋስበት ሰዓት ተሰልቶ መጻፍ አለበት። አንዳንዶች በተፈለገ ቁጥር ከደንቡ ያሰሉታል። ደንቡ ከ14 ቀን ወደ 7 ቀን የተቀየረ ዕለት፣ ትናንት በደንቡ የወሰደ ሁሉ ዛሬ ባለዕዳ ሆኖ ያድራል። ገደቡ የተዘጋ ቀን ላይ ቢውል ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን መገፋት አለበት። ቤቱ ተዘግቶ መመለስ ላልቻለ ሰው ቅጣት መቁጠር ትክክል አይደለም። ስለዚህ ሲስተሙ የራሱ የሥራ ቀን መቁጠሪያ ያስፈልገዋል።

አሁን አንድ መመለስን ጠጋ ብለን እንይ። ተማሪዋ መጽሐፉን ዴስኩ ላይ አኖረች። ባለሙያው ባርኮዱን አነበበ። ሲስተሙ ለዚያ ቅጂ ያልተዘጋ ውሰት መኖሩን አየና ዘጋው። ሁለት ቀን አልፎበታል፤ ቅጣቱ ተሰልቶ በስሟ ተመዘገበ። ቀጥሎ ወረፋውን አየ፤ አንድ መምህር ይጠብቃል። ስክሪኑ ላይ "መደርደሪያ አይግባ፣ ለተራ ይቀመጥ" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ለመምህሩ መልእክት ሄደ። ባለተራው በተቀመጠለት ጊዜ ካልመጣ መጽሐፉ ለቀጣዩ ያልፋል። ለተማሪዋ ይህ ሁሉ የአንድ ባርኮድ ድምፅ ነው።

የመዝገቡ ክፍል፣ ማለትም ውሰቱን መዝጋቱ፣ ቅጣቱና ወረፋው፣ በአንድ ትራንዛክሽን መጠቃለል አለበት። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ ሁሉም ተሠርቷል፣ ወይ ምንም አልተሠራም። መልእክቱ ግን ከዚያ በኋላ ይላክ፤ የመልእክት አገልግሎቱ ስለተበላሸ መጽሐፍ ሳይመለስ መቅረት የለበትም። ሁለት ባለሙያዎች በሁለት ኮምፒውተር አንዱን ቅጂ እኩል ለሁለት ሰው ለማዋስ ቢሞክሩስ? ኮዱ "አለ ወይ?" ብሎ ስላጣራ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት "አለ" የሚል መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። ዳታቤዙ ራሱ ለአንድ ቅጂ ከአንድ በላይ ያልተዘጋ ውሰት እንዳይቀበል ይደረጋል። ፖስትግሬስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ላልተመለሱት መስመሮች ብቻ የሚሠራ፣ ድግግሞሽ የማይቀበል ኢንዴክስ በማድረግ ይህ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል።

ተማሪና ሠራተኛ

ለተማሪና ለሠራተኛ የተለያየ ሰንጠረዥ መሥራት ያጓጓል። ግን አንድ ረዳት መምህር ማስተርሱን እዚያው እየተማረ ሊሆን ይችላል። ታዲያ የት ይመዝገብ? ሰው አንድ ነው፤ የሚለያየው ምድቡ ነው። ሰንጠረዡም አንድ ሆኖ ምድቡ ለብቻው ቢያዝ ይሻላል።

ደንቡም ኮድ ውስጥ አይቀበር። ምድብና የመጽሐፍ ዓይነት ተጣምረው የሚወስኑት የደንብ ሰንጠረዥ ይኑር፦ ለምሳሌ ተማሪ 5 መጽሐፍ ለ14 ቀን፣ መምህር 10 መጽሐፍ ለአንድ ሴሚስተር፣ ሪፈረንስ ለማንም አይወጣም፣ በፈተና ሰሞን የሚሻሙበት መጽሐፍ ለጥቂት ሰዓት ብቻ። ኃላፊው ደንብ ሲቀይር ፕሮግራመር መጥራት የለበትም።

የተማሪዎቹን ዝርዝር ከሬጅስትራር፣ የሠራተኞቹን ከሰው ኃይል አስተዳደር መቀበል ብዙ ድካም ያስቀራል። ተማሪ ሲመረቅ ወይም ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ የሚሰጠውም ከዚሁ መረጃ ነው። ያልተመለሰ መጽሐፍና ያልተከፈለ ቅጣት ከሌለ ሲስተሙ በራሱ ቢያጸድቅ ሰው በየቢሮው ፊርማ ፍለጋ አይንከራተትም።

ፍለጋ

ተማሪው ሲስተሙን የሚያውቀው በፍለጋ ሳጥኑ ነው። ውጤቱ ቅጂው አሁን መኖሩንና የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ መናገር አለበት። በርዕስ ብቻ ቢያቆም ሰውየው በከንቱ ወደ ፎቅ ወጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚወክሉበት ደንብ በዩኒኮድ ውስጥ፣ በ1999 በወጣው እትም 3.0 ስለተካተተ ማስቀመጡ ችግር አይደለም። ፍለጋው ግን ልዩ እንክብካቤ ይፈልጋል። አንዱ "ፀሐይ" ብሎ መዝግቦ ሌላው "ጸሀይ" ብሎ ቢፈልግ ለኮምፒውተሩ የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ወደ አንድ የሚመጡበት የተደበቀ ዓምድ ይዘጋጃል። ፍለጋው በዚያ ይሄዳል፤ ለአንባቢው የሚታየው ግን ሽፋኑ ላይ ያለው አጻጻፍ ነው።

የአንባቢው ምስጢር

አንድ ሰው ምን እንደሚያነብ የራሱ ጉዳይ ነው። ስለ በሽታው፣ ስለ እምነቱ፣ ስለ ትዳሩ ሊሆን ይችላል። ሲስተሙ ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ጥንቃቄው ጥብቅ መሆን አለበት። መምህር የተማሪን የውሰት ታሪክ ማየት የለበትም። የማዋሻ ሠራተኛው ያልተመለሱትን ያያል እንጂ የዓመታት ንባብ አይዘረዘርለትም። መጽሐፉ ተመልሶ ዕዳው ከተዘጋና ቤቱ የወሰነው አጭር ጊዜ ካለፈ በኋላ ስሙን ከውሰቱ መስመር ማላቀቅ ይበጃል፤ ቅጂው፣ ቀኑና ምድቡ ከቀሩ ለሪፖርት ይበቃሉ። ቤቱ ይህን ጊዜ ሲወስን የተቀደደ መጽሐፍ ዘግይቶ ሊገኝ እንደሚችልም ያስብ።

ፓስወርድ ወደ ነበረበት ሊመለስ በማይችል መልክ ተቀይሮ እንጂ በግልጽ አይቀመጥም፤ ለዚህ ቢክሪፕትን የመሰሉ የተፈተኑ ዘዴዎች አሉ። ቅጣት የሰረዘ ሠራተኛ ማን እንደሆነና መቼ እንደሰረዘም ይመዝገብ። ይህ ቅኑን ሠራተኛ ከሐሜት ያድነዋል።

ወደ ሥራ ሲገባ

ከኮዱ ይልቅ ጊዜ የሚበላው ባርኮድ መለጠፉና ነባሩን መዝገብ ማጽዳቱ ነው። አንድ ደራሲ በአራት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቦ ይገኛል። አንድ ርዕስ ሁለት ጊዜ ይገባል። በ1988 የወጣው ዜድ 39.50 የተባለው ደንብ ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት የተዘጋጀ መዝገብ ለመውሰድ ስለሚያስችል ብዙ ጽሕፈት ይቀንሳል። ሁሉንም መደርደሪያ በአንዴ መጨረስ ካልተቻለ ዴስክ ላይ ከሚደርሰው መጽሐፍ መጀመር ይቻላል፦ የሚዋሰው ሁሉ ሲወጣ ባርኮድ ይለጠፍበታል። በዚህ መንገድ ብዙ የሚፈለጉት ቀድመው ይገባሉ።

ኔትወርክ ሲቋረጥም ሥራ እንዳይቆም መታሰብ አለበት። ኮሃ ውሰትና መመለስን ኮምፒውተሩ ላይ ይዞ ቆይቶ መስመሩ ሲመጣ የሚያስገባበት መንገድ አለው። ባክአፕ በየቀኑ ይወሰድ፤ ከሰርቨሩ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ ይሞከር። የወረቀቱ መዝገብ ለጥቂት ሳምንታት ከሲስተሙ ጎን ለጎን ይቀጥል፤ ግን የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ለሁሉም ይነገር። ካልተቆረጠ ግማሹ ውሰት ደብተር ላይ፣ ግማሹ ሲስተም ላይ ይቀርና የትኛውም አይታመንም።