ከድሬ ዳዋ እስከ ሐረር፦ የአርኪዮሎጂ ዘርፍ አመራረጥ

አርኪዮሎጂ የሚማር ሰው ዘርፍ ለመምረጥ ሩቅ ማየት አያስፈልገውም። ከድሬ ዳዋ እስከ ሐረርና በዙሪያቸው የድንጋይ ዘመን ዋሻ፣ የዓለት ላይ ሥዕል፣ የፈረሰ የንግድ ከተማ፣ ዛሬም ሰው የሚኖርበት የግንብ ከተማ አለ። እያንዳንዱ የየራሱን ባለሙያ ይፈልጋል።

ከድሬ ዳዋ ወጣ እንዳሉ የሚገኘውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርደን እና አንሪ ደ ሞንፍሬድ አገኙት። በ1933 ሲቆፈር የሰው መንጋጋ ቁራጭ ወጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አርኪዮሎጂስቶቹ ዴዝሞንድ ክላርክ እና ኬኔት ዊሊያምሰን እንደገና ቆፈሩት። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለተማሪ ትልቁ ትምህርት። የቁፋሮው ግኝት ለአሥርተ ዓመታት ሲጠና ኖሯል። ዶክተር ዘላለም አሰፋ ከዋሻው የወጡትን የእንስሳት አጥንቶች አጥንተዋል። ከ400 በላይ ቀዳዳ ያላቸው የቀንድ አውጣ ክዳኖችም ዶቃ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብለው ተጠንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ 4,213 የቀለም ድንጋዮች ተመርምረው ውጤቱ ታትሟል። ዕድሜያቸው 40 ሺህ ዓመት አካባቢ ነው።

ብዙ ሰው ወደ ሙያው የሚገባው ቁፋሮ ማርኮት ነው። ቁፋሮ ግን በዓመት ጥቂት ሳምንታት ቢሆን ነው። የቀረው ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል፤ ማጠብ፣ ቁጥር መጻፍ፣ መለካት፣ ማወዳደር። ስለዚህ ዘርፍ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ለዓመታት ሳይሰለቹ አብረውት የሚቀመጡት ነገር የቱ ነው የሚለው ነው።

ባልጩት የሚወድ ወደ ድንጋይ መሣሪያ ጥናት ይሄዳል። ድንጋይ ጠርቦ መሞከርም የትምህርቱ አካል ነው፤ ጣት መቆረጡ አይቀርም። አጥንት የመረጠ ሰው የአካል አወቃቀር ማወቅ አለበት፤ የፍየልና የሚዳቋ አጥንት መለየት የዋዛ አይደለም። በድሬ ዳዋ አካባቢ በሚገኘው በለገ ኦዳ ዓለት ላይ ያሉት የከብት ሥዕሎች የሚስቡት ደግሞ ፎቶግራፍ ማንሳትና መሳል መቻል ይኖርበታል።

በድሬ ዳዋ አቅራቢያ ያለው የፈረሰ የንግድ ከተማ፣ ሐርላ፣ ሌላ ዓለም ነው። የአካባቢው ሰው ትላልቆቹን ድንጋዮች የካቡት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ሲል ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአርኪዮሎጂስቱ ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት በተደረገው ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ከግብፅና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኝተዋል። እዚህ ለመሥራት ዓረብኛ ማንበብ ትልቅ ስንቅ ነው። የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ የሩቅ አገር ንግድ ሁሉ በአንድ ሰው አይቻልም።

በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ሐረር ጁገል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። 82 መስጊዶች አሉት። በባህላዊው ታሪክ አንዳንዶቹ ወደ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመለሳሉ፤ በከተማዋ የተደረገው ቁፋሮ ግን ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቀደመ የነዋሪነት ማስረጃ አላሳየም። እንዲህ ያለውን ውጤት ለነዋሪው በአክብሮት ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጁገል ውስጥ ቆፋሪ ብቻ አይበቃም። የቅርስ አያያዝ ባለሙያ፣ አርክቴክት፣ የሙዚየም ሰው ያስፈልጋል፤ ቤቱ የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ከባለቤቱ ጋር ቡና እየጠጣ የሚግባባ ሰውም ጭምር።

መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ዲግሪ ይጀምራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ እስከ ድኅረ ምረቃ ያስተምራል። ያለ ፈቃድ መቆፈር አይቻልም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ሥልጣን ለፌዴራሉ የቅርስ መሥሪያ ቤት ይሰጣል። ስለዚህ ጀማሪ ፈቃድ ካለው ቡድን ጋር መውጣት አለበት። ሥራው በዩኒቨርሲቲ፣ በሙዚየም፣ በባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ይገኛል። እውነቱን ለመናገር ክፍት ቦታው እንደ ልብ አይደለም። መንገድና ሕንፃ ሲሠራ ቅርስ ከተገኘ ማሳወቅ በአዋጁ ግዴታ ስለሆነ፣ ከግንባታ በፊት ቦታ የሚያጠና ባለሙያ ወደፊት ይፈለጋል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

በዚህ አካባቢ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሶማልኛ የሚችል ሰው ከሌላው ቀድሞ ይፈለጋል። የትኛውን ዘርፍ ልያዝ ለሚል ደግሞ የአገር ቤት ሸክላ ስብርባሪን እንዲያስብበት እመክራለሁ። እንደ ዶቃና ሳንቲም ዜና አይሆንም፤ በቦታ በቦታ ግን በጆንያ ይወጣል፣ የሰው ማድቤትም የሚታወቀው በእሱ ነው።