የቶዮታ ኤንዜድ ሞተሮች፣ ጎጃም መንገድ ላይ

ኤንዜድ ቶዮታ ለትንንሽ የቤት መኪኖች የሠራው የቤንዚን ሞተር ቤተሰብ ነው። አባላቱ ሁሉ ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው። ጎጃም ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው መካኒክና የመለዋወጫ ነጋዴ ነው እንጂ ባለመኪናው «የቪትዝ ሞተር»፣ «የፕሮቦክስ ሞተር» ይለዋል። ከደጀን ደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ ባሕር ዳር ስትነዱ ከፊታችሁ ካሉት ትንንሽ ቶዮታዎች የአንዱን ኮፈን ብትከፍቱ ከሥሩ ይህን ሞተር የማግኘት ዕድላችሁ ጥሩ ነው።

«ቤተሰብ» የሚባለው በምክንያት ነው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና አዲስ ሞተር ከመንደፍ ይልቅ አንድ መሠረት ይይዝና መጠኑን ይለዋውጣል። ኤንዜድ ላይ ቋሚው የሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ 75 ሚሊ ሜትር። የሚለወጠው ፒስቶኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ርቀት ነው። 84.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን 1497 ሲሲ ይወጣዋል፤ ይህ 1ኤንዜድ ነው። 73.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን 1298 ሲሲ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ 2ኤንዜድ ነው። ክራንካቸው (የፒስቶኑን ውጣ ውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) አይለዋወጥም። ካንዴላውና የዘይት ፊልትሮው ግን ያው ነው። ትንሽ ከተማ ላይ ሱቅ ለከፈተ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ካርቶን ፊልትሮ ይዞ የቪትዝንም የፕሮቦክስንም ደንበኛ ያስተናግዳል።

የስሙ አጻጻፍም ሥርዓት አለው። ሙሉው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ነው። ቁጥሩ በቤተሰቡ ውስጥ ያለው ተራ ነው። ኤፍ ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚቀመጠው የሞተሩ ራስ) ላይ ሁለት ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮችን የሚከፍቱ ዘንጎች፣ መኖራቸውን፣ ኢ ደግሞ ቤንዚኑ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ መሆኑን ያሳያል። መሀል ላይ ኤክስ ከገባ የሃይብሪድ፣ ማለትም ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ተጋግዞ የሚሠራ፣ ሞተር ነው ማለት ነው።

ሞኖብሎኩ፣ ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል፣ አልሙኒየም ነው፤ ሲሊንደሮቹ ውስጥ የብረት ካሚቻ (ሽፋን) አለው። አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ ቫልቮቹ 16 ናቸው። ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ሳይሆን ካቴና (ሰንሰለት) ነው። ስለዚህ በየመቶ ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቺንጋ መቀየር የሚባል ጣጣ የለበትም። የመግቢያ ቫልቮቹን ሰዓት እንደ ፍጥነቱ የሚያስቀድምና የሚያዘገይ ቪቪቲ-አይ የሚባል ዘዴ አለው። ይህን የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ክራንኩ ከሲሊንደሩ መሀል 12 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ተደርጎ ተቀምጧል። ፒስቶኑ በፍንዳታው ተገፍቶ ሲወርድ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያን ያህል እንዳይፈጭ ነው። የጭመቃ መጠኑ 10.5 ለ 1 ነው። በጃፓን ገበያ 1ኤንዜድ ወደ 110 የፈረስ ጉልበት፣ 2ኤንዜድ ወደ 87 ተብሎ ተሽጧል።

ከዚህ በፊት በአገራችን የትንሽ ቶዮታ ስም ዲኤክስ ነበር። እሱ የኬ ቤተሰብ ሞተር ነበረው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡራቶር ያለው፣ ቀላልና ታጋሽ።

ኤንዜድ መጀመሪያ የወጣው በሃይብሪድ መልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ የመጀመሪያው ፕሪየስ 1ኤንዜድ-ኤፍኤክስኢን ይዞ ወጣ። ቪትዝ በ1999 ተከተለ፤ አውሮፓ ላይ ያሪስ በሚል ስም የ2000 የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸልሟል። ከዚያ ፕላትዝ፣ ኮሮላ፣ ፕሮቦክስና ሌሎችም መጡ።

እዚህ ላይ ገዢዎች አዘውትረው የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ቪትዝ ሁሉ ኤንዜድ አይደለም። የመጀመሪያው ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ ኤስዜድ የሚባል ሌላ ሞተር ነው ያለው። ከ2005 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣው ቪትዝ ደግሞ በ1000 ሲሲው ባለ ሦስት ሲሊንደር ኬአር፣ በ1300ው 2ኤስዜድ ሊሆን ይችላል። ኤስዜድ ሞኖብሎኩ ብረት ነው፤ ዕቃውም ከኤንዜድ ጋር አይገጥምም። ለማወቅ ኮፈኑን ከፍቶ የሞዴሉን ኮድ ማንበብ ይበቃል። ኤንሲፒ ብሎ ከጀመረ ኤንዜድ ነው፤ ኤስሲፒ ካለ ኤስዜድ፤ ኬኤስፒ ካለ ኬአር። ፕሮቦክስ ላይ ኤንሲፒ50 የ1300ው፣ ኤንሲፒ51 የ1500ው ነው። ደላላ «ያው ቪትዝ ነው» ሲላችሁ ኮዱን እዩ።

1300ው በአገራችን የተወደደበት አንዱ ምክንያት ከሞተሩ ውጭ ነው። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት እስከ 1300 ሲሲ ያለ የቤት መኪና 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲሲ ያለው 60 በመቶ ይከፍል ነበር። 2ኤንዜድ 1298 ሲሲ ነው። በሁለት ሲሲ ነው ያመለጠው! ከእሱ በኋላ የመጣው የኤንአር ቤተሰብ 1ኤንአር 1329 ሲሲ ስለሆነ መስመሩን ያልፋል። ቶዮታ የእኛን አዋጅ አይቶ አልነደፈውም፤ ዕድል ነው። በኋላ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲመጣ ታክሱ በመኪናው ዕድሜ ላይ በረታ፤ ያገለገሉ ቪትዞችና ፕሮቦክሶች እንደ ልብ የሚገቡበት ዘመንም አበቃ።

አሁን ወደ ጎጃም መንገድ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1800 ገደማ። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ማንኛውም ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የ87 ፈረሱ 70 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ኤንዜድም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የሚለየው ግን ቤንዚን አይባክንበትም። ካርቡራቶር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቀዋል። የድሮው ዲኤክስ ደጋ ላይ ካንዴላው በጥቀርሻ የሚጠቁረው በዚህ ነው። ኤንዜድ የሚገባውን አየር ክብደት የሚለካ ሴንሰር አለው፤ ቤንዚኑን በዚያ ልክ ይመጥናል። ካርቡራቶር በማስተካከል ስም ያወጡ አንጋፋ መካኒኮች ሙያቸው የቀዘቀዘው እንዲህ ያለ ሞተር ሲመጣ ነው። አንዳንዶቹ እስካሁን ቂም አልረሱም።

የዚህ ሁሉ ፈተና ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱም አቀበቱም ከ1000 ሜትር በላይ ነው። መሀል ላይ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ አለ።

ቁልቁለቱ ላይ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥተው፣ የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ፤ ቤንዚን መቆጠባቸው ነው። ለኤንዜድ ይህ ተገላቢጦሽ ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከቤንዚን ሲነሳ መርጫው ጭራሽ ይዘጋል፤ ጠብታ አይወጣም። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት አለበት። ፍሬኑም ብቻውን ቀርቶ ይግላል። ዓባይን በሁለተኛ ማርሽ የሚወርድ ሰው ፍሬኑንም ኪሱንም አትርፏል።

አቀበቱ ላይ ፈተናው ሙቀት ነው። ደጀን አፋፍ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የኤንዜድ ቴርሞስታት (የጋለውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) የሚከፈተው በ82 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክፍተቱ ጠባብ ነው። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ሲይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ግን ያ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል። መንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎት የተከበበ ቪትዝ ስታዩ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፤ በጊዜው ያልተቀየረ ርካሽ ክዳን ነው። አልሙኒየም ቴስታታ አንዴ ከጋለና ከተጣመመ ደግሞ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞኖብሎኩ መሀል ያለውን ማሸጊያ) መቀየር ብቻውን አያድነውም።

ስሙን የሚያጠፋ ነገር ቢነሳ ዘይት መብላት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩ 1ኤንዜዶች ላይ የዘይት ፋሻው (ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት) በካርቦን እየተጣበቀ ዘይት ያልፋል ይባላል። ይህን የፋብሪካው ጉድለት የሚሉ አሉ፤ ዘይት የማይቀይር ባለቤት ጥፋት ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሞተሩ የሚይዘው ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ሲጎድል ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው። ጠጠርና አቧራ የሚበላ መኪና ደግሞ የአየር ፊልትሮው በየጊዜው ካልታየ ፋሻው ከየትኛውም ሞተር ቀድሞ ያልቃል። ዘይት ሲቀንስና ሲቆሽሽ ካቴናው ጠዋት ሲነሳ መንኳኳት ይጀምራል፤ ቪቪቲ-አዩም ያንቀላፋል። ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ግን ሞተሩ ሳይወርድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ጋራዥ ውስጥ ማንም አይደነቅም።

የሃይብሪዱ ዓይነት የጭመቃ መጠኑ 13 አካባቢ ነው፤ እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በፕሪየስ፣ በኋላም በአኳ ላይ ሠርቷል። ቱርቦ የተገጠመለትም አለ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች። ስለዚህ መንገድ ላይ ያሉት ኤንዜዶች የሚተኩት በሌላ ኤንዜድ አይደለም። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ያሉ ጋራዦች አሁን ፋሻና ካቴና እየቀየሩ፣ ቴስታታ እያስላጉ ያሉትን ያቆያሉ።