ድባቴ ምንድን ነው?

«ዛሬስ ደብሮኛል» ያላለ ጎንደሬ አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ይደብራል። ክረምቱ አላባራ ሲልም ይደብራል። ይኼ ድብርት ነው፤ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲደራ ብን ብሎ ይጠፋል። ድባቴ ግን ሕመም ነው።

ሐኪም የሚጠይቀው ቆይታውን ነው። ቢያንስ 2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ስሜት ይጨልማል ወይም ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣል። እንቅልፍ፣ ምግብና ጉልበት ይዛባሉ። «እኔ ለምንም አልረባም» የሚል ሐሳብ ይመላለሳል፤ ሞት መመኘትም ሊመጣ ይችላል።

እንበል አንዲት ሴት በየዓመቱ ጥር 10 ታቦት አጅባ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ትወርድ ነበር። ዘንድሮ የሐበሻ ቀሚሷን እንኳ አላወጣችም። ጎረቤት «ነይ ቡና ጠጪ» ሲላት ቀረች። «ኮራችብን» ተባለ። ጤና ጣቢያ ብትሄድም አዝኛለሁ አትልም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይቆራርጠኛል» ነው የምትለው። ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ጨጓራ እየተባለ ወራት ያልፋሉ። (እኛ አገር ኀዘንም በአካል ነው የሚናገረው።)

መንስኤው አንድ አይደለም። የቤተሰብ ተጋላጭነት፣ ኀዘን፣ ጦርነት፣ እጦት፣ ወሊድ ይደራረባሉ። የእምነት ማነስ ግን አይደለም። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ሊመስለው ስለሚችል የደም ምርመራ ይታዘዝ ይሆናል።

ይድናል? አዎ፣ ይታከማል። አንዱ መንገድ የንግግር ሕክምና ነው። ስሙ ሲሰማ ወሬ ይመስላል፤ ግን ሥራ አለው። ድባቴ «ሲሻለኝ እወጣለሁ» ያሰኛል። ሰው በቤት ሲቀር ደስታ የሚሰጠው ነገር ይቀንሳል፤ ሕመሙ ይብሳል። ባለሙያው ይህን ይገለብጠዋል፦ ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ መጀመሪያ ትንሽ አድርጊ። ነገ ጠዋት እስከ ፒያሳ ብቻ መሄድ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ስኒ ቡና ከጎረቤት ጋር። ስሜቱ ከኋላ ይከተላል።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን በብዛት ይታዘዛሉ። ችግሩ፣ ማቅለሽለሽን የመሳሰለው የጎንዮሽ ጉዳት ቶሎ ይመጣል፣ ጥቅሙ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሰው በመሐል «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ከተሻለም በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፤ ያለ ሐኪም አይቋረጥም። ሱስ ያስይዛል የሚለው ስጋት ልክ አይደለም። ጠበልም ከሆነ መጠመቁ ይቀጥል፤ ክኒኑን ግን አትጣሉት። ለጾመኛ ደግሞ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ማመቻቸት ይቻላል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አንድ ሰው ሞትን እያነሳ ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው ወደ ድንገተኛ ይወሰዳል። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ መጠየቅም ሐሳቡን አያስገባበትም። ጠይቁት።