ዲፔንደንሲ ምንድን ነው? የሥራ ተራ እንዳይመስላችሁ

«ቢልዴ (ኮዱን ወደሚሮጥ ፕሮግራም የመለወጡ ሥራ) አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል» ያለ ሰው ሁሉ «ፓራለሉን (ሥራዎችን ጎን ለጎን ማስኬዱን) አጥፋውና ተገላገል» የሚለው አያጣም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ዲፔንደንሲውማ ተጽፏል፤ መጀመሪያ ቢልድ፣ ቀጥሎ ቴስት» ብሎ ሲከራከር አየሁ። የሜክፋይሉ (ግኑ ሜክ የተባለው የቢልድ መሣሪያ የሚያነበው የሥራ ዝርዝር) መስመር «ኦል፦ ቢልድ ቴስት» ይላል። ወንድሜ፣ ይሄ የሥራ ተራ እንጂ ዲፔንደንሲ አይደለም፤ ዲፔንደንሲ ማለት አንዱ ሥራ የሌላውን ማለቅ ሲፈልግ ነው።

መስመሩ የሚለው ኦል ሁለቱንም ይፈልጋል ነው። ቴስት ቢልድን ይጠብቅ የሚል ነገር የለበትም። በአንድ ጆብ (በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ሲኬድ) ግኑ ሜክ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ነገሩ በዕድል ይገጥማል። ሰረዝ ጄ 8 (-j8፣ እስከ ስምንት ሥራ በአንድ ጊዜ) ስትሉት ግን ሁለቱም እኩል ይነሳሉ።

የድግስ ጓዳ አስቡ። ግድግዳው ላይ «ወጥ መሥራት፣ ወጥ መቅመስ» ተብሎ ተለጥፏል። ባለሙያዋ ብቻዋን ከሆነች በተራ ትሄዳለች። ስምንት ሆነው ሲገቡ አንዷ ገና ሽንኩርት ስትልጥ ሌላዋ ጭልፋ ይዛ ድስት ትከፍታለች። ድስቱ ባዶ ከሆነ ደግ ነው፤ ትጮኻለች፣ ይሰማል። ጉዱ የትናንት ወጥ ያለበት ጊዜ ነው፤ ቀምሳ «ግሩም!» ትላለች። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የወደቀ ቴስት አይደለም፤ በአሮጌው ባይነሪ (ካለፈው ቢልድ በተረፈው ፕሮግራም) ላይ ሮጦ ያለፈው ነው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ «ቴስት፦ ቢልድ»፤ ቴስት ቢልድን ይጠብቅ ማለት ነው።

ድስቱስ? ያለ ድስት ወጥ የለም፤ ድስቱ ስለተወለወለ ግን ወጡ እንደ አዲስ አይሠራም። የውጤት ፎልደርም እንዲሁ ነው፤ ፋይል በገባበት ቁጥር የተቀየረበት ሰዓት ይታደሳል። እንደ መደበኛ ዲፔንደንሲ ከጻፋችሁት ያለቀው ሁሉ በከንቱ ደግሞ ኮምፓይል ይሆናል። ከቋሚዋ ሰረዝ (|) ቀኝ አስቀምጡት፤ ኦርደር ኦንሊ (ቀድሞ ይኑር እንጂ ሰዓቱ አይታይ) የሚባለው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ግኑ ሜክ 4.4 ነጥብ ዌይት (.WAIT) የሚባል ነገር አምጥቷል። በኦል መስመር ላይ በቢልድና በቴስት መካከል ብትሰኩት ያስጠብቃል፣ ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ ብቻ። «ሜክ ቴስት» ብላችሁ ለብቻው ስትጠሩት የትናንቱ ወጥ ይጠብቃችኋል።

በዚያው እትም የመጣው ሹፍል (--shuffle) ግን ወዳጄ ነው። በአንድ ጆብም ቢሆን ተራውን ሆን ብሎ ያምሰዋል፣ የተረሳ ዲፔንደንሲም ይጋለጣል፤ ቢልዱ ሲወድቅ ከስህተቱ ጎን የሹፍሉን ቁጥር ይጽፍላችኋል። ቁጥሩን መልሳችሁ ስትሰጡት በዚያው አተራመሱ ይደግመዋል።